ከይዞታ ወደ ፍጻሜ፦ የእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ታሪክና የአማርኛው «ሰብሯል»

በአማርኛ የሰዋስው ትምህርት የእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ብዙ ጊዜ «የቅርብ ኃላፊ ጊዜ» እየተባለ ከ«ሰብሯል» ጋር ይነጻጸራል። ስያሜው የጊዜ ርቀትን የሚለካ ስለሚመስል ያሳስታል፤ የቅርጹ ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ ነውና።

እስከ 1100 እ.ኤ.አ. ገደማ ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሃቭ» የተባለው ግስ በዚህ መዋቅር ውስጥ በመነሻው ይዞታን ያመለክት ነበር፤ «ደብዳቤው ተጽፎ በእጄ ይገኛል» እንደ ማለት ነው። ከግስ የወጣው ቅጽል ተሳቢውን ይገልጽ ስለ ነበር አንዳንድ ጊዜ በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ከተሳቢው ጋር ይስማማ ነበር። ተጽፎ ያለቀን ደብዳቤ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ስለሆነ፣ ትርጉሙ ቀስ በቀስ ከተያዘው ነገር ወደ ተፈጸመው ድርጊት ተሻገረ፤ ስምምነቱም ጠፋ።

እንደ መምጣትና መሄድ ያሉት የእንቅስቃሴ ግሶች ግን የሚጣመሩት «ቢ» ከተባለው የመሆን ግስ ጋር ነበር። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አጠቃቀም ይዟል፤ «ሃቭ» ቦታውን ጠቅልሎ የያዘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እንደ «ትናንት» ያለ ጊዜ ጠቋሚን የሚከለክለው ደንብም የጸናው ዘግይቶ ነው፤ በቾሰርና በሼክስፒር ሥራዎች ከዚህ ደንብ የወጡ አጠቃቀሞች ይገኛሉ።

«ሰብሯል» በበኩሉ የቦዝ አንቀጹ «ሰብሮ» እና የ«አለ» ውሕደት ነው። አማርኛ ይዞታን የሚገልጸው በዚሁ ግስ ቢሆንም፣ «መጽሐፍ አለኝ» ሲል ባለቤቱን በተሳቢ ምዕላድ ያመለክታል፤ «ሰብሬአለሁ» ሲል ግን «አለ» ከአድራጊው ጋር ይስማማል። ስለዚህ የአማርኛው መነሻ ይዞታ ሳይሆን ህላዌ ነው።

ልዩነቱ በአጠቃቀምም ይታያል። «ትናንት መጥቷል» ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ በዛሬው መደበኛ እንግሊዝኛ ግን አቻው አይፈቀድም። በአሉታ ደግሞ «መጣ»ም «መጥቷል»ም «አልመጣም» ይሆናሉ፤ እንግሊዝኛ በቅርጽ የሚለየውን አማርኛ ለዐውድና እንደ «ገና» ላሉ ቃላት ይተወዋል።

ላሊበላን ከ30 ዓመት በፊት ያየ ሰው ዛሬም ማየቱን በእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ሊናገር ይችላል። ቅርጹ የሚጠይቀው የድርጊቱን ቅርበት ሳይሆን ከአሁን ጋር ያለውን ትስስር ነው። «ቅርብ» የሚለው ስያሜ ይህን ስለሚሰውር በንጽጽር ሰዋስው ውስጥ እንደገና ሊታይ ይገባዋል።