የደስታ ሥፍራና የሱስ ምሥጢር

ሱሰኛ ሰው ጠባዩ ስለ ተበላሸ እንጂ ስለ ታመመ አይደለም እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲፈረድበት ኖሯል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሊቃውንት በካናዳ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። በአንጎላቸው ቀጭን ሽቦ የተተከለባቸው አይጦች፣ ዘንጉን በተጫኑ ቁጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚደርሳቸው፣ ደጋግመው ይጫኑት ነበር። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶን፣ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ እንደ ታወቀው፣ ምግብ በልኩ የሚቀሰቅሰውን ይህን ንጥረ ነገር ኮኬይን ወደ መጣበት እንዳይመለስ በማገድ ያበዛዋል፤ ሞርፊንም የሚገቱትን ሕዋሳት ዝም በማሰኘት ይለቀዋል። አንጎልም ብዛቱን ሲለምድ ሌላው ደስታ ሁሉ ይደበዝዝበታል። ስለዚህ ሱሰኛን መገሠጽ ብቻውን አይበቃም፤ ሕክምናና ትዕግሥትም ያስፈልገዋል።