የኮሳይን ሕግ የማን ነው?

ፓይታጎረስን የማያውቅ ተማሪ የለም። የኮሳይን ሕግ ግን ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አገኘነው፣ ሸመደድነው፣ ተፈተንበት፣ በማግስቱ ረሳነው። ‹‹ማን አገኘው?›› ያለ አልነበረም። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

ለረሳችሁት ባጭሩ፦ የአንድ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከታወቁ ሦስተኛውን ጎን ያወጣል። የሁለቱን ጎኖች ካሬ ደምሩ፤ ከድምሩ ላይ የሁለቱን ጎኖች ብዜት እጥፍ በማዕዘኑ ኮሳይን አባዝታችሁ ቀንሱ፤ ለቀረው ስኩዌር ሩት ፈልጉለት። ጎኖቹ 5 እና 8፣ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ 25 ሲደመር 64 ሲቀነስ 40፣ 49 ይመጣል። ጎኑ 7 ነው ማለት ነው። ማዕዘኑ 90 ሲሆን ግን ኮሳይኑ ዜሮ ስለሆነ የሚቀነስ የለም፤ ፓይታጎረስ ብቻውን ይቀራል።

የሚገርመው፣ ሕጉ ኮሳይን የሚባል ነገር ሳይኖር ይታወቅ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የነበረው ዩክሊድ፣ ‹‹ኤለመንትስ›› በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ በ12ኛውና በ13ኛው ሐሳብ አስፍሮታል። አንዱ ለዝርጥ ማዕዘን፣ ሌላው ለሹል ማዕዘን። ለምን ሁለት? ኔጌቲቭ ቁጥር የለማ! አንዱ ጋ የሚደመረው ስፋት ሌላው ጋ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ለየብቻ ማረጋገጥ ግድ ሆነ። ደግሞም ዩክሊድ ዲግሪ አያነሳም። ከአንዱ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ይጥልና እግሩ የት እንዳረፈ ይነግረናል። ‹‹ማዕዘኑ 37 ዲግሪ ነው፣ ጎኑ ስንት ነው?›› ብንለው መልስ አልነበረውም።

የጎደለው ሠንጠረዥ ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ቶለሚ እስክንድርያ ላይ ሆኖ ለክብ አውታሮች ሠንጠረዥ ሠራ። ሕንዶች ደግሞ አውታሩን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ያዙ፤ ‹‹ጅያ›› አሉት፣ የቀስት ገመድ ማለት ነው። ዓረቦች ቃሉን እንዳለ ወሰዱት፤ ግን ጽሕፈታቸው አናባቢ ስለማያስቀምጥ ከጊዜ በኋላ ‹‹ጀይብ›› ተብሎ ተነበበ፣ ኪስ ወይም እቅፍ። ላቲኖቹም ያንኑ ተርጉመው ‹‹ሲኑስ›› አሉት። ሳይን የመጣው ከዚህ ነው። (በፊደላችን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር!) ኮሳይን ደግሞ ማዕዘኑን 90 ለመሙላት የሚጎድለው ማዕዘን ሳይን ነው።

አሁን ወደ ሳማርካንድ እንሂድ። የከተማዋ ገዥ ኡሉግ ቤግ ራሱ የሥነ ፈለክ ሰው ስለነበር ሊቃውንትን ይሰበስብ ነበር፤ ከነሱ አንዱ የካሻኑ ጀምሺድ አል ካሺ ነው። ለአባቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ፤ ኡሉግ ቤግን ያወድሳል፣ ከባልደረቦቹ ግን የሚያደንቃቸው ጥቂቶች ናቸው። ትዕቢት እንዳንለው ደግሞ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1424 ፓይን እስከ 16 አሥርዮሽ ቤት ያሰላ ነው። በ1427 በጨረሰው ‹‹የሒሳብ ቁልፍ›› መጽሐፉ ውስጥ የኛን ጥያቄ መለሰ፦ የማዕዘኑን ሳይንና ኮሳይን ከሠንጠረዥ አውጣ፣ በአንዱ ጎን አባዛ፣ ቀጥሎ ፓይታጎረስን ተጠቀም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

ፈረንሳዮች ሕጉን ‹‹የአል ካሺ ቴዎረም›› ይሉታል። ደስ ይላል፤ በእኛ ሚዛን ግን ግማሽ ልክ ነው። እውነቱ ዩክሊድ ዘንድ ነበር። የአል ካሺ ድርሻ ለመሬት ለኪና ለግንበኛ እንዲሠራ አድርጎ በቁጥር ማቅረቡ ነው፤ ይህ ድርሻ ትንሽ አይደለም። ቢሆንም እሱም የጻፈው በቃላት ነበር፤ ሹሉንና ዝርጡንም ለያይቶ ነው ያስኬደው። ሁለቱን በአንድ መስመር ያዋሃደው ኋላ የመጣው ኔጌቲቭ ኮሳይን ነው። ጎኖቹን 3 እና 5፣ ማዕዘኑን 120 ዲግሪ አድርጉት፤ ኮሳይኑ ኔጌቲቭ ግማሽ ስለሆነ መቀነሱ መደመር ይሆናል፣ 9 ሲደመር 25 ሲደመር 15። አሁንም 49፣ አሁንም 7።