ጋዝ የጫነው ፉርጎ
እስቲ አስቡት፦ ባቡሩ መሬት ውስጥ ነው፣ የኤሌክትሪክ አምፖል ገና የለም፣ እናንተ ደግሞ ጋዜጣ ማንበብ አምሯችኋል። ምን ይሻላል?

የዓለማችን የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር፣ የለንደኑ ሜትሮፖሊታን፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ሥራ ሲጀምር መላ ነበረው። ከድንጋይ ከሰል የተሠራ ጋዝ በጎማ ከረጢት ተሞልቶ ፉርጎው ጣሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በቧንቧ ወርዶ መብራቱን ያበራል።

ግን ከረጢት ምን ያህል ሊይዝ? ለረጅም ጉዞ ጋዙን ማመቅ ያስፈልጋል፤ የከሰል ጋዝ ደግሞ ሲታመቅ ብርሃኑ ይደክማል። ጀርመናዊው ዩሊየስ ፒንች ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ጋዝ ተጠቀመ። ይኼኛው ቢታመቅም ደህና አድርጎ ያበራል። ስለዚህ በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ ከፉርጎው ሥር ታሰረ።

ታዲያ ባቡር ቢጋጭስ? እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1915 ስኮትላንድ ውስጥ ኩዊንቲንስሂል ላይ የሆነው ይኼው ነው። ወታደሮች የጫነ ባቡር ተጋጨ፤ ከሲሊንደሮቹ ያፈተለከው ጋዝ በሎኮሞቲቩ ፍም ተቀጣጠለ፤ የእንጨት ፉርጎዎቹ ነደዱ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

በድሮ ሥዕሎች ላይ በጋዝ መብራት የደመቀ ፉርጎ ስታዩ ታዲያ፣ ብርሃኑን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ጋዙ የት ተቀምጦ ይሆን ብላችሁም ጠይቁ።