ፕላንክተን፦ ተንሳፋፊ ወይስ ዋላይ?

«ፕላንክተን» የሚለውን ቃል በ1887 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው ሊቅ ቪክቶር ሄንሰን ነው። ከግሪክኛ ሲዋሰው የፈለገው ትርጉም «የሚንከራተት» የሚለውን ነበር። እኛ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ተንሳፋፊ» ነው። እኔ ግን «ዋላይ» ቢባል እመርጣለሁ። የሚንሳፈፍ ነገር እንደ ቡሽ ከላይ ይቀራል፤ የሚዋልል ግን ላይም ሆነ ታች፣ ውሃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። ልቡ ለማይረጋ ሰውም «ይዋልላል» እንላለን፤ ይህም ከግሪኩ ብዙ አይርቅም። መጠን መስፈርት አይደለም፤ ትልቅ ጄሊፊሽም ዋላይ ነው። በዓይን የማይታዩትን «ረቂቅ ዋላዮች» እንበላቸው።

ለምርጫዬ ምስክር የምጠራው የናሙናውን አዘገጃጀት ነው። ዓይኑ 20 ማይክሮን የሆነ መረብ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ብዙ ቢይዝም ትናንሾቹ ያመልጡታል። ስለዚህ መቁጠር የፈለገ ሰው የባሕሩን ውሃ እንዳለ በጠርሙስ ይቀዳል። ከዚያም የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ ድረስ የሉጎል አዮዲን ጠብ ጠብ ያደርግበታል። አዮዲኑ ሕዋሳቱን ገድሎ ቅርጻቸውን ያቆያል፤ ክብደትም ይጨምርላቸዋል። ቀጥሎ ውሃው ግርጌው ስስ መስታወት በሆነ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ቡና በጀበና እንደሚሰክን ይሰክናል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚፈለገው አተላው መሆኑ ነው። የሰከነው ታች ስለሆነ ሌንሶቹ ከሥር ወደ ላይ በሚያዩ «ግልብጥ» አጉሊ መነጽር ይቆጠራል። ዘዴው በጀርመናዊው ሃንስ ኡተርሞል ስም ይጠራል። እንግዲህ ፍጥረታቱ በእርግጥ ተንሳፋፊ ቢሆኑ ኖሮ ታች ምን ይቆጠር ነበር?

በሕይወት ሳሉም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ዳያተም የሚባለው አልጌ ከብርጭቆ ጋር የሚዛመድ የሲሊካ ቅርፊት ስለለበሰ፣ አብዛኛው ዝርያ ከባሕር ውሃ ይከብዳል። ብርሃን ወዳለበት የሚመልሰው የውሃው መናወጥ ነው። የቅርፊቱን ጥልፍ አጥርቶ ማየት የፈለገ ሥጋውን በአሲድ ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አቃጥሎ ያስወግዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሌንስ ጥራት ይፈተን የነበረው በእነዚህ ቅርፊቶች ቀጫጭን መስመሮች ነው።

አዮዲኑ ግን አንድ ጣጣ አለው። አሲድ ከተቀላቀለበት ኮኮሊቶፎር የተባሉትን ዋላዮች የኖራ ቅርፊት ያሟሟል። ይህን ያልተጠነቀቀ ቆጣሪ ናሙናውን አንድ በአንድ ፈትሾ «ኮኮሊቶፎር የለም» ብሎ ይጽፋል።