ስለ ሞተር ብስክሌት የነፋስ መከላከያ ታሪክ

በሞተር ብስክሌት ረዥም መንገድ የሚጓዘውን ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው፥ ራሱን እያወዛወዘ ጆሮውን የሚያደነቁረው ነፋስ ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካዎችን ወደ ምርመራ የገፋፋቸው በመጀመሪያ የእሽቅድድም ፍጥነት እንጂ የተጓዡ ምቾት አልነበረም። የኢጣሊያው ሞቶ ጉዚ ኩባንያ በ1950 እ.ኤ.አ. በማንዴሎ ዴል ላሪዮ፥ ነጂው ከነሞተሩ ገብቶ ነፋስ እየተነፋበት የሚጠናበትን ዋሻ ሠራ። በዚያ ዘመን የፊት ጎማን ጭምር የሚያለብሰው ሽፋን ፍጥነትን ቢጨምርም፥ የጎን ነፋስ ሲመታው አደገኛ ስለ ነበረ ከ1957 የውድድር ዘመን በኋላ ታገደ። ቢ.ኤም.ደብልዩ በሐንስ ሙት የተነደፈውን፥ በፒኒንፋሪና ዋሻ የተፈተነውን አር 100 አር.ኤስ. ከነሙሉ ሽፋኑ ለገበያ ያቀረበው በ1976 ነው።

እኛ ግን ይበልጥ ሊጤን ይገባዋል የምንለው የመስታወቱ ነገር ነው። መስታወቱ በረዘመ ቁጥር ዕረፍት የሚገኝ ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። ከመስታወቱ በስተኋላ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፥ በላይ ያለፈው ነፋስ ወደዚያ እየተጠቀለለ ይወርድና የነጂውን ራስ ይጎሽማል። ስለዚህ የኋለኛው ዘመን ሠሪዎች በመስታወቱ ሥር ክፍተት ትተው ጥቂት ነፋስ ያስገባሉ፤ ግፊቱ ሲቀራረብ ጉሸማው ይበርዳል። መስታወቱን አሳጥረው ራሳቸውን ባልታወከ ነፋስ ውስጥ ማድረግን የሚመርጡም ነጂዎች አሉ፤ ጩኸቱ ባይቀር መወዛወዙ ይቀርላቸዋልና።