ገበያ ሲስቅ፦ የሸክላ ቤትና የጨዋታ ቤት ታሪክ

ስለ ችግርና ስለ ጥበብ ብዙ ተብሏል። ደራሲው ተርቦ ጻፈ፣ ሙዚቀኛው በተዋሰው ጊታር ተጫወተ፣ ሠዓሊው ሸራ አጥቶ በጆንያ ላይ ሣለ ሲባል ሰምተናል፤ እውነትም ነው። ስለ ማግኘት ግን ማን ጻፈ? አንድ ሰው በራሱ ገንዘብና በራሱ ድፍረት የጀመረው ሥራ ድንገት ገበያ ሲያገኝ፣ ሰውዬውስ ሥራውስ ምን ይሆናሉ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው ለእኛ የቅንጦት አይደለም። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ ጨዋታ የሚሠራ ተማሪ አይጠፋም። የብዙዎቹ ፍላጎት ደግሞ ሮል ፕሌይንግ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ለብሶ፣ ጦረኛ ወይም መርማሪ ሆኖ፣ በራሱ ምርጫ ታሪኩን የሚመራበት። ወሬያችን ሁሉ «ማን ይገዛናል?» ነው። «ቢገዙንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እስቲ ቢገዙንስ?

መልሱን ፍለጋ ሁለት ቤቶችን እንጎብኝ፤ አንዱ የሸክላ፣ ሌላው የጨዋታ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከሀገራችን። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተማው በዘመናዊ ሙዚቃ ተጥለቅልቆ ሳለ፣ ያንን ሙዚቃ በሸክላ የሚያወጣ አልነበረም። አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹን ዕድሜ ያልጨረሰ የሸክላ ነጋዴ በ1969 ትእዛዙን ተጋፍቶ አለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ። (በአባት ስም ይመሳሰላሉ እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም።) ቅጂውን ህንድ ልኮ አሳተመና አስመጣ። ሸክላው ተሸጠ። ሥራው ሊዘጋ ነው ሲባል ጭራሽ ሰፋ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትናንሽና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች በአምሃ ሬከርድስ ስም ወጡ። ማሕሙድ አሕመድም፣ ሙላቱ አስታጥቄም በዚያ ቤት አልፈዋል።

እንግዲህ ገበያው ለአምሃ ምን አደረገለት? አንደኛ፣ ተከታይ አመጣበት። ደፋሩ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ጥልቀቱ ታወቀ፤ የሆላንዱ ፊሊፕስም ገባ፣ የአሊ አብደላ ካይፋ ቤትም ተከፈተ። ይህ ለሰሚው ደግ ነው፣ ለመጀመሪያው ሰው ግን ሩጫ ነው። ሁለተኛ፣ ያልነበረውን ነገር አሳየው። ድምፁ የእኛ፣ ማተሚያው የሰው! ቅጂው አዲስ አበባ ይሠራል፣ ሸክላው ግን ህንድ፣ በኋላም ሊባኖስና ግሪክ ነበር የሚታተመው። ገበያው ባደገ ቁጥር ጥገኝነቱም አብሮ አደገ።

ከዚያ 1974 መጣ። ለውጡ የምሽቱን ሕይወት ዘጋ፤ አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ቤቱ ቆመ። ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። በ1997 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ የሚለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር፣ ለአምሃ ሬከርድስ ሥራዎች የተዋዋለው ከራሱ ከአምሃ ጋር ነው። ልብ በሉ! ሱቁ ተዘግቷል፣ ሸክላው አርጅቷል፣ ሰውየው ተሰዷል፤ ባለቤትነቱ ግን እጁ ላይ ነበር። አምሃ በ2021 እስኪያርፍ ድረስ ስሙ ከሥራው አልተነጠለም።

አሁን ሁለተኛውን ቤት እንይ። አምሃ ሸክላ በሚያሳትምበት በ1973፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ጋሪ ጋይጋክስና የልጅነት ጓደኛው ዶን ኬይ ቲ.ኤስ.አር. የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ያዋጡት አንድ አንድ ሺህ ዶላር ነበር። ይህም ስላልበቃ ብራያን ብሉም የሚባል ሦስተኛ ሰው ሁለት ሺህ ዶላር ይዞ ገባ። በ1974 ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩትን ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አወጡ፤ የሮል ፕሌይንግ ጨዋታ ሁሉ አባት ማለት ነው። የመጀመሪያው እትም አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ ነበር። ሳጥኑን በእጃቸው እየሞሉ፣ በፖስታ እየላኩ ሸጡት፤ ዓመት ሳይሞላ አለቀ።

እስከዚህ ድረስ ተረት ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሒሳብ ነው።

በ1975 መጀመሪያ ኬይ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። ድርሻውን ከቤተሰቡ ለመግዛትና ሥራውን ለማስፋት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡ የመጣው ከብራያን ብሉምና ከአባቱ ነው። በዚህ ጊዜ ጋይጋክስ፣ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው፣ በገዛ ድርጅቱ አነስተኛ ባለድርሻ ሆነ። ማንም አልቀማውም። ድርጅቱ እንዲያድግ ራሱ ፈቅዶ ነው። በ1979 ደግሞ አርነሰን የፈጣሪነት ክፍያዬን አላገኘሁም ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ፤ በ1981 በስምምነት ጨረሱ። በዚህ መካከል ገበያው እየጦፈ ሄደ። ሠራተኛው በመቶዎች ተቆጠረ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሽያጩ የታሰበውን ያህል አልሄድ ሲል ያው ሠራተኛ በጅምላ ተባረረ። በ1985 ብሉሞች ድርሻቸውን ለሎሬይን ዊሊያምስ ሸጡ፤ ጋይጋክስም በድምፅ ብልጫ ከሥልጣን ወረደ። ቲ.ኤስ.አር. ራሱ በዕዳ ተይዞ በ1997 ለዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ተሸጠ፤ ዊዛርድስን ደግሞ በ1999 ሐዝብሮ የሚባለው ግዙፍ የመጫወቻ ኩባንያ ዋጠው።

አንባቢ «ያ የወረቀት ዘመን ነው፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ ይሻላል» ይል ይሆናል። አይሻልም። ሪቻርድ ጋሪየት ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ አካላቤዝ የተባለ ጨዋታ ጽፎ በ1979 በፕላስቲክ ከረጢት እያሸገ ሱቅ ውስጥ ሸጠ። ቀጥሎ ኡልቲማን ፈጠረ፤ ከአሳታሚ ጋር በክፍያ ሲጣላ ከወንድሙ ጋር በ1983 ኦሪጂን የተባለ የራሱን ቤት ከፈተ። ጥሩ! ግን ጨዋታው በተሳካ ቁጥር የሚቀጥለው እየከበደና እየተወደደ ሄደ። በ1992 ቤቱን ለኤሌክትሮኒክ አርትስ ሸጡ፤ በ2000 ጋሪየት ወጣ፤ በ2004 ኦሪጂን ተዘጋ።

ቅርቡንም እንጨምር። በኢስቶኒያ የተሰባሰቡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች በ2019 ዲስኮ ኤሊሲየም የሚባል ጨዋታ አወጡ፤ በዚያው ዓመት በታላቁ የጨዋታ ሽልማት መድረክ አራት ሽልማት ወሰዱ። በ2022 ግን የታሪኩ ፈጣሪ ሮበርት ኩርቪትዝና የቅርብ ባልደረቦቹ ከቤቱ መውጣታቸው ተሰማ፤ የአክሲዮኑም ክርክር ፍርድ ቤት ደረሰ። ሀብቱ ሳይመጣ በፊት ጓደኛሞች ነበሩ። ሀብቱ ሲመጣ ወረቀት ተፈለገ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ «ገበያ ጥበብን ይገድላል» ብለን እንደምድም? ብዙዎቻችን እንዲህ ማለት እንወዳለን፤ ሲሉት ደስ ይላል። ታሪኩ ግን አያስብለንም። አምሃ ገበያ ባያገኝ ኖሮ ያ ሙዚቃ ከሚጫወትበት ምሽት ጋር አብሮ ባለቀ። ዳንጅንስም አንድ ሺህ ቅጂ ላይ በቆመ። ላሪያን የሚባለውን የቤልጅግ ቤት ተመልከቱ። ስቬን ቪንከ በ1996 አቋቋመው፤ ለዓመታት በአሳታሚዎች ፊት ደጅ ጠና። በ2013 ከተጫዋቾች በቀጥታ መዋጮ ጠይቆ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አገኘ፤ ጨዋታውንም ራሱ አሳተመ። በ2023 ባልደርስ ጌት 3 ዓለምን አዳረሰ። በማግስቱ ሁሉም አራተኛውን ሲጠብቅ፣ በ2024 ላሪያን «ይብቃን፣ የራሳችንን እንሠራለን» አለ። ይህን ማለት የቻለው ስለጨከነ አይደለም፤ ቤቱን የሚመራው ዋናው ባለድርሻ ራሱ መሥራቹ ስለሆነ ነው። እምቢ ማለት የባለቤት ሥልጣን ነውና!

እዚህ ላይ ግን የአምሃን ማተሚያ አትርሱ። ባልደርስ ጌት የተሠራው በዳንጅንስ ሕግ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ የዊዛርድስ ንብረት ነው። በ2000 ዊዛርድስ ትናንሽ ቤቶች የጨዋታውን ሕግ በነፃ እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ውል አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው በዚያ እንጀራውን በላ። በጥር 2023 ያንን ውል ሊለውጥ ነው ሲባል ዓለም ተንጫጫ፤ ኩባንያው በዚያው ወር ወደ ኋላ ተመለሰ። ለጊዜው ተረፉ። የሰው ማተሚያ ላይ የሚያትም ግን ምንጊዜም ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚተኛው።

እኔ ከነዚህ ታሪኮች የማየው አንድ ነገር ነው። ገበያ አዲስ ባሕርይ አያመጣም፤ የነበረውን ይገልጣል። ድርሻ የማን ነው? ስሙ የማን ነው? ማሽኑ የማን ነው? ሰው ሲለይ ወይም ሲሞት ድርሻው ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ በሌለበት ጊዜ አይጮኹም፤ ተኝተው ይጠብቃሉ። ሽያጩ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይነቃሉ። የአቃቂ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ፋብሪካ ሥር ያደገ ሰው፣ ጨርቁን የሚሸምነውና የሽመናው ባለቤት ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ማንም አይነግረውም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን እቁብ ሲጥሉ ዳኛ ይመርጣሉ፣ ጸሐፊ ይሰይማሉ፣ የደረሰውም ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም። ጎረቤታሞች ናቸው እኮ! የክርስትና ልጅ የተሰጣጡ፣ ለቅሶ አብረው የተቀመጡ ናቸው። ስለማይተማመኑ አይደለም ዋስ የሚጠሩት፤ ገንዘብ እጅ ሲገባ ሰው እንደሚፈተን ስለሚያውቁ ነው። እኛ ግን አራት ሆነን ጨዋታ ስንጀምር «ምን ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወንድማማች አይደለን?» እንላለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥሩ፤ ሽጡም። ገበያ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያው ብር ከመግባቱ በፊት፣ ገና ሻይ በጋራ እየከፈላችሁ ሳለ፣ አንድ ገጽ ወረቀት አውጡና ማን ምን እንደሠራ፣ ማን ምን እንዳለው ጻፉ፤ ፈርሙበትም። ያቺ ገጽ ዛሬ የምታስቅ ትሆናለች። ገበያ የሳቀላችሁ ቀን ግን አብራችሁ እንድትስቁ የምታደርጋችሁ እሷ ናት።