የቤተሰብ የኃይል ክፍያና የመንግሥት የዋጋ ገደብ፤ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከገጠሩ ምዕራብ ጎጃም አንጻር

የኃይል ዋጋ በሚንርበት ወቅት መንግሥታት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ከጫናው ለመጠበቅ ከሚወስዷቸው እርምጃዎች አንዱ በክፍያው ላይ ገደብ ማስቀመጥ ነው። በኢትዮጵያ ይኸው ተግባር በዋናነት በኤሌክትሪክ ታሪፍና በነዳጅ መሸጫ ዋጋ አማካይነት ሲከናወን ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን አሠራር በአጭሩ በመዳሰስ፣ ድጋፉ በምዕራብ ጎጃም ዞን ከተሞችና ገጠር ለማን እንደሚደርስና ማንን ሳይደርስ እንደሚያልፍ ያብራራል።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ አወሳሰን

በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የብሔራዊ መረቡ ታሪፍ በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ተመርምሮ ከውሳኔ ሐሳብ ጋር ለመንግሥት ይቀርባል፤ ሥራ ላይ የሚውለውም በመንግሥት ሲጸድቅ ነው። በመሆኑም በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚገኝ የአገልግሎት ማዕከል በራሱ ሥልጣን ዋጋ መጨመርም ሆነ መቀነስ አይችልም።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ለ12 ዓመታት ያህል ሳይለወጥ ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት የሌሎች ሸቀጦች ዋጋ በተደጋጋሚ በመናሩ የታሪፉ አለመለወጥ በራሱ እንደ ዋጋ ገደብ አገልግሏል። ይሁንና ገቢው የማመንጫ፣ የማስተላለፊያና የማከፋፈያ ወጪን መሸፈን ባለመቻሉ በ2011 ዓ.ም. ለአራት ዓመታት በየዓመቱ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ተግባራዊ ሆነ። በዚህ ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ የመኖሪያ ቤት ደንበኞች ጭማሪ አልተደረገባቸውም፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ይከፍሉ የነበረው 27 ነጥብ 3 ሣንቲም ባለበት ጸንቷል። የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር የ50 ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ 13 ብር ከ65 ሣንቲም ነበር ማለት ነው።

የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህኛው ማሻሻያ የዝቅተኛው እርከን ደንበኞችም የጭማሪው ተካፋይ ሆነዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በወቅቱ እንዳስታወቀው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ 75 በመቶ፣ እስከ 100 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ደግሞ 40 በመቶ ድጎማ ተይዞላቸዋል።

50 ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል ነው?

የእርከኑን ትርጉም ለመረዳት የእንጀራ ምጣድን ማየት ይበቃል። 3 ነጥብ 5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ለ2 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 7፣ በአራት ሳምንት 28 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ የሚቀረው 22 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ወጥ የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ፍሪጅ ሲታከልበት ቤተሰቡ በቀላሉ እርከኑን ያልፋል። ስለዚህ ድጎማው ለመብራትና ለቁጠባ እንጀራ መጋገሪያ የሚበቃ እንጂ የወጥ ቤትን ሥራ በሙሉ ከማገዶ ለማላቀቅ የሚያስችል አይደለም።

ቆጣሪውና ቤተሰቡ

ድጎማው የሚሰላው በቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ደግሞ ከበስተጀርባው ያሉትን ቤተሰቦች ቁጥር አያውቅም። በዞኑ መዲና በፍኖተ ሰላምም ሆነ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኝባት ቡሬ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች በአከራያቸው ቆጣሪ የሚገለገሉበት ሁኔታ የተለመደ ነው።

ለአብነት በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው አራቱም በዝቅተኛው እርከን ውስጥ ይቆያሉ። በአንድ ቆጣሪ ሲመዘገቡ ግን ድምሩ 160 ኪሎዋት ሰዓት ይሆንና ፍጆታው ከ100 እስከ 200 ወዳለው እርከን ይሸጋገራል። በ2014 ዓ.ም. የዚህ እርከን ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1 ብር ከ62 ነጥብ 5 ሣንቲም ሲሆን፣ ይህም የዝቅተኛው እርከን ስድስት እጥፍ ገደማ ነበር። በአንጻሩ በትልቅ ቤት ለብቻው የሚኖርና ጥቂት የሚጠቀም ባለንብረት የድጎማው ተጠቃሚ ይሆናል። ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበው ድጋፍ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ተከራይ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ነዳጅና የገጠሩ ቤተሰብ

የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 247/1993 ተቋቁሟል። ዓላማውም የዓለም ገበያ ዋጋ መዋዠቅ በቀጥታ ወደ ሸማቹ እንዳይተላለፍ ማድረግ ነበር። በተግባር ግን የመሸጫ ዋጋው ከመግዣው በታች እየሆነ ልዩነቱ ዕዳ ሆኖ ተከማችቷል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ሁሉን አቀፍ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ለማንሳት ወስኖ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ጀመረ፤ ቀጥተኛ ተጠቃሚዎቹም የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች እንዲሆኑ ተደረገ። ለኩራዝ የሚሆን ነጭ ጋዝ የሚገዛው ቤተሰብ በዚህ ውስጥ አልተካተተም።

በገጠሩ ምዕራብ ጎጃም አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በሰብል ተረፈ ምርት ነው። የባሕር ዛፍ አጣና ለገበሬው ገቢም ማገዶም ነው። የእንጨትና የከሰል ዋጋ በመንግሥት አይተመንም፤ ከተማው ኤሌክትሪክ በተወደደበት ወይም በተቋረጠበት ጊዜ ወደ ከሰል ሲመለስ የማገዶ ዋጋ ይጨምራል። ለማሳ ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ኩበትም ለምድጃ ይውላል። ለዚህ ቤተሰብ ገደብ የሚሆነው የታሪፍ ውሳኔ ሳይሆን የሚፈጀውን ማገዶ የሚቀንስለት ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ይልቅ «ምርጥ» የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ፣ ከተራው የከሰል ማንደጃ ይልቅም «ላቀች» ማገዶ በመቆጠብ ይታወቃሉ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰቦች በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት በነፃ የሚሰጥበትን አሠራር ተግባራዊ አድርጋለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2023 ለቤተሰቦች ከሚገመተው ፍጆታ 80 በመቶ ለሚሆነው በኪሎዋት ሰዓት የ40 ሣንቲም ዩሮ ጣሪያ አስቀምጣ፣ ቀሪውን በገበያ ዋጋ እንዲከፈል አድርጋለች። በሁለቱም አገሮች ገደቡ የተደረገው በተወሰነ የኃይል መጠን ላይ ነው። የተጠቃሚው ማንነት በትክክል ካልታወቀ ግን መጠንን መገደብ ብቻውን ለታለመለት ሰው መድረሱን አያረጋግጥም።

ከአስፈጻሚ አካላት ምን ይጠበቃል?

የታሪፍ ውሳኔ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ቢሆንም፣ ድጎማው ለታለመለት ቤተሰብ እንዲደርስ የሚያደርጉ ተግባራት በታችኛው የአስተዳደር እርከን የሚገኙ ናቸው። ቀበሌዎች በአንድ ቆጣሪ የሚገለገሉ ቤተሰቦችን ለይተው መመዝገብ፣ የአገልግሎት ማዕከላት ለተከራዮች የተለየ ቆጣሪ የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት፣ ስለ እርከኖቹ ለኅብረተሰቡ በግልጽ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። መስመር ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሥርጭትን ከሌላው የልማት ሥራ እኩል ማቀድ ያስፈልጋል። እነዚህ ካልተከናወኑ በድጎማ ስም የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ ቆጣሪ ላለው ደርሶ፣ ቆጣሪ የሌለውን የከተማ ተከራይና የገጠር ገበሬ አልፎ ይሄዳል።